ከቀኝ በኩል የተጀመረ ሥዕል

ማርች 1

ይህን ደብተር የገዛሁት የዘንድሮ ተማሪዎቼ የሚሠሩትን ጉድ ቀን በቀን ልጽፍበት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በቃሌ ስይዝ ኖሬ አሁን ጭንቅላቴ ማፍሰስ ጀምሯል።

ጠዋት ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ቢሴራ እንደ አገራችን ልማድ የጸደይ መግቢያውን የማርች ክር፣ ቀይና ነጩን፣ ግራ እጄ ላይ አሰረችልኝ። «ያበበ ዛፍ ሳያዩ እንዳይፈቱት» አለችኝ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ ወሬውን አመጣችው። ሜይ 24፣ በፊደል በዓል ቀን፣ ስልሳ አምስተኛ ዓመቴ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይከበራል። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ሥዕሌ ወደ መድረክ ይወጣል። ከበዓሉ በኋላ የከተማው ጋለሪ ለሁልጊዜው ይወስደዋል።

«ስምዎ ከሁላችንም ይተርፋል» አለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «ኮሪደሩ ላይ ቢቀርስ?» አልኳት እንጂ።

ማርች 5

አሥራ ሁለተኛ ክፍል። አሥራ ሁለት ተማሪዎች፣ ሃያ አራት የተኙ ዓይኖች።

በየዓመቱ የምለውን አልኩ። «ሥዕል ፊት ቆማችሁ ‹ደስ ይላል›፣ ‹ያምራል› የምትሉ ከሆነ በሩ ያውላችሁ። መጀመሪያ ያለውን ቁጠሩ፤ መስመሩን፣ ቅርጹን፣ ቀለሙን፣ ብርሃንና ጥላውን። ቀጥሎ እነዚህ እርስ በርሳቸው ምን እንደተባባሉ ንገሩኝ፤ ሚዛኑን፣ ምቱን፣ ንፅፅሩን፣ ዓይን የሚያርፍበትን ቦታ፣ አንድነቱን። ስሜታችሁን እቤት ሄዳችሁ ለእናታችሁ ንገሩ።»

የቤት ሥራውም የየዓመቱ ነው፤ የኮሪደሩን ሥዕል ተንትኑ። ሦስት ሴቶች በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ቀይ በርበሬ በክር ይሰካሉ። ከኋላቸው ቤቶችና ተራራ። ከሰልና ቀለም፣ 1981። ከሥሩ የናስ ሰሌዳ አለ፤ «በርበሬ ሰኪዎች፣ ስታሜን ሐጂዬቭ» ይላል። እኔ ነኝ።

ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ስቲልያና እጇን አወጣች። «መምህር፣ ያየነውን ሁሉ እንጻፍ?»

«ያየሽውን ሁሉ» አልኳት። ምን ነበረበት አፌን ብዘጋ።

ማርች 12

አሥራ አንዱ ወረቀት ያው ነው። ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ተገልብጦ፣ እነሱም ከበፊቶቹ ገልብጠው። «ዓይን የሚያርፈው በአሮጊቷ ቀይ ሽርጥ ላይ ነው።» አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኳቸው። ከስድስት አምስት አምስት ሰጠሁና ተገላገልኩ።

አሥራ ሁለተኛው የስቲልያና ነው። ሰው ዋሸ እንዳይለኝ ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ።

«መስመር። በሥዕሉ ላይ ሁለት ዓይነት የጥላ ጭረት አለ። ቤቶቹና ተራራው ላይ ጭረቱ ከላይ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ታች ወደ ግራ ይወርዳል። ሴቶቹና በርበሬው ላይ ግን ከላይ ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ቀኝ እጅ እንዲህ አይጭርም፤ ይህ የግራኝ ጭረት ነው። ምት። የቤቶቹ መስኮቶች እኩል ተራርቀው ስለተደረደሩ ዓይን ይሰለቻል። በርበሬው አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ የተጣመመ ስለሆነ ዓይን እስከ ክሩ ጫፍ ይከተለዋል። አንድነት። ሥዕሉን የያዘው የሴቶቹ እጅ ነው። ቤቶቹን በእጃችን ብንሸፍናቸው ሥዕሉ አይጎድልም።»

አይጎድልም! እነዚያን ቤቶች አንድ ወር ሙሉ ነው የለካኋቸው። መስኮቶቹን በማስመሪያ! የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ጣቷ ላይ ገና ሊጥ ያልለቀቀ፣ ቤቶቼን በእጇ ትሸፍናለች።

ሁለት ሰጠኋት። ከሁለት በታች ነጥብ ስለሌለ ነው።

ማርች 13

ክፍል ውስጥ አስነሳኋት።

«ማን አስጻፈሽ?»

«ዓይኔ።»

ሳቁ። ጠረጴዛውን መታሁ፣ ዝም አሉ።

«ስሕተቴን ይንገሩኝና ላርመው፣ መምህር።»

«ስሕተትሽ ድፍረትሽ ነው።»

«ድፍረት ከየትኛው ነው የሚመደበው? ከመስመር ነው ከሚዛን?»

ምላሷ ከቁመቷ ይረዝማል። አስወጣኋት። በሩን ስትዘጋ እንኳ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

በኔ ትምህርት ሁለት ይዛ ዲፕሎማ አታገኝም። ዲፕሎማ ካላገኘች ደግሞ በጁላይ ሶፊያ ሄዳ የአካዳሚውን ፈተና አትቀመጥም። እናቷ ለዚህ ፈተና ሁለት ዓመት ሌሊት እየጋገረች እንዳስተማረቻት መምህራን ክፍል ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ቀድማ ማሰብ ነበረባት።

ማርች 20

በእረፍት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ አራት ልጆች ሥዕሉ ላይ አፍንጫቸውን ደቅነው። ጭረቱን በጣታቸው እየተከተሉ። «እየው እየው፣ እዚህ ጋ ይገለበጣል።»

አባረርኳቸው። ዘበኛውን ፔንቾን ጠርቼ ከቤተ መጻሕፍቱ ያንን ትልቅ የጎማ ተክል አምጥቶ ከሥዕሉ ፊት እንዲያቆመው አዘዝኩት።

«ፀሐይ የለም እኮ እዚህ፤ ይሞታል» አለ።

«ዝም ብለህ አምጣ።»

አመጣው። ሁለቱን ሴቶች ይሸፍናል። ቤቶቹ ይታያሉ።

ማርች 24

ልጄ ኔቬና ከቫርና ደወለች። በሜይ ልትመጣ ነው። «የእማዬ በርበሬ ጋለሪ ሊገባ ነው አሉ?» አለችኝ።

«የኔ ሥዕል ጋለሪ ሊገባ ነው» አልኳት።

«እሺ አባዬ፣ እንዳልከው።»

ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትለው። ሚስቴ ዳና ከጎኔ ቆማ ስለሠራሁት ይሆናል፤ ወይም የመሐለኛዋ ሴት እጅ የእናቷን ስለሚመስል። ልጅ ነገር ያምታታል። ዳና ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ማንሳት ምን ይባላል?

ዳና በቀኝ እጇ ነበር የምትጽፈው። ይህን ማንም ያውቃል። በመንደራቸው ትምህርት ቤት መምህሯ ግራ እጇን በሻሽ ከወንበሩ ጋር እያሰረ አስተካክሏታል። ግራዋን ለድንች መላጫና ለሹራብ ብቻ ነው የምትጠቀምበት የነበረው።

ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም።

ኤፕሪል 2

ጉድ ሆንኩ።

ልጅቷ ስለ ነጥቧ ለርዕሰ መምህሯ አቤት ብላ ኖሯል። ወይዘሮ ቢሴራ፣ ሁለት መምህራንና እኔ ከሥዕሉ ፊት ቆምን። የጎማ ተክሉ ወደ ጎን ተገፋ። ስቲልያና ወረቀቷን አነበበች፤ ድምጿ ትንሽም አልተንቀጠቀጠ።

«የልጅ ቅዠት ነው» አልኩ።

ወይዘሮ ቢሴራ ግን መነጽሯን አድርጋ ሥዕሉ ላይ ተደፋች። «እውነትም ይለያያል እኮ» አለች። «ምንድን ነው ነገሩ፣ መምህር ስታሜን?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ቀኝ ክንዴ ተሰብሮ ነበር» አልኩ። «ያኔ፣ በወይን መከር። ቤቶቹን ከሠራሁ በኋላ። ሴቶቹን በግራ እጄ ነው የጨረስኳቸው።»

አፌ ነው ያለው። እኔ አላሰብኩትም።

ወይዘሮ ቢሴራ እጆቿን አጨበጨበች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይህን ሁሉ ዓመት ደብቀው! እንዲህ ያለ ታሪክ!»

«የቱ ጋ ነው የተሰበረው?» አለች ስቲልያና።

«ክንዴን አልኩሽ።»

«ክንድ ረጅም ነው።»

«ስቲልያና! ነውር ነው!» አለቻት ርዕሰ መምህሯ። ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ ትንታኔውን እንደገና እንድትጽፍ ተወሰነ። የመጨረሻው ቀን ጁን 1 ነው፤ ነጥቡም በኔ እጅ።

አሸነፍኩ።

ኤፕሪል 9

የከተማው ጋዜጣ። ሦስተኛ ገጽ። «በግራ እጁ የሣለው ሊቅ።» ቀኝ ክንዴን በሦስት ቦታ ሰብረውታል። እኔ አንድ ቦታ ነበር ያልኩት።

ፔንቾ ጋዜጣውን ይዞ መጣ። ያን ዓመት መከሩ ላይ አብረን ነበርን፤ የወንድሜን ወይን አሥር ቀን አብረን ለቀምን።

«ቅርጫቱን በየትኛው ክንድህ ነበር የምትሸከመው፣ ስታሜን?»

«ሥራ የለህም?»

«አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ» ብሎ መጥረጊያውን ይዞ ሄደ። አይናገርም፤ አውቀዋለሁ። ባይናገርም ግን በየቀኑ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ያናድደኛል።

ኤፕሪል 11

ዛሬ ደግሞ ወይዘሮ ቢሴራ፣ «አንድ ሐሳብ መጣልኝ» አለች። ከዚህች ሴት ሐሳብ ያውጣችሁ። በበዓሉ ቀን እንግዶቹ ፊት፣ መድረክ ላይ፣ በግራ እጄ እንድሥል ትፈልጋለች። «ሦስት አራት መስመር ብቻ። ያንኑ በርበሬ።»

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ፤ «በደስታ» አልኩ። ይህን አፍ ሰፍቶ መያዝ ነው።

ኤፕሪል 15

ግራ እጅ። ሾርባ ጠረጴዛው ላይ። ጢም ስላጭ አገጬን ቆረጥኩ። በርበሬ ሠራሁ፤ ቦት ጫማ መሰለ።

ኤፕሪል 22

የፕለሙ ዛፍ አብቧል፤ አይቼዋለሁ። ክሩን ግን አልፈታሁትም። ግራ እጄን የሚያስታውሰኝ ነገር ይኑር ብዬ።

ሠላሳ ወረቀት አበላሸሁ። ቢሆንም መስመሩ ቀጥ እያለ መጥቷል። ገና ሽማግሌ አልሆንኩም!

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዛሬ ዳና ትዝ አለችኝ። በምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት የግድግዳ ሥዕል ትሠራላቸው ነበር፤ ድቦች፣ እንጉዳዮች። እንደ ሸርጣን ከቀኝ ጥግ ጀምራ ወደ ግራ ነበር የምትሄደው። ስንቴ ስቄባታለሁ። «ሰው ከግራ ነው የሚጀምረው፤ እንደ ንባብ» አልኳት። «እጅጌዬ የሚያውቀውን አንተ አታውቅም» አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ግትር ነበረች። ነፍሷን ይማር።

ሜይ 6

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው። ከተማው በሙሉ በግ ይጠብሳል፤ እኔ የተማሪ ወረቀት አርማለሁ።

ትናንት ስቲልያና መምህራን ክፍል ድረስ መጥታ «እንደገና የጻፍኩት» ብላ አስረከበችኝ። ያው ራሱ ነው! በተሻለ የእጅ ጽሑፍ! ይቅርታ የሚል ቃል በመነጽር ብፈልግ የለም። መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ ጨምራበታለች። «ክንዱ ከተሰበረ ሰውየው ፊርማውን በየትኛው እጁ ፈረመ?»

«ከዳነ በኋላ ነው የፈረምኩት» አልኳት፣ ሳትጠይቀኝ። መልስ መስጠቴ ራሱ ምን ይባላል!

«ሶፊያ መሄድ አትፈልጊም ማለት ነው» አልኳት።

«እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ያየሽውን ሁሉ ጻፊ ብለውኛል። ያላየሁትን ከጻፍኩ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ?»

ከዚያ ጣቶቼን አየች። የግራዎቹን። ጥፍሬ ሥር ከሰል ነበር። እጄን ኪስ ውስጥ ከተትኩ። በገዛ መምህራን ክፍሌ! እንዲህ ያለች ልጅ ባታልፍ ምን ይጎድላል? ደግማ በሚቀጥለው ዓመት ትፈተን። ትሕትና ትማርበታለች።

ሜይ 15

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጥኩ ሁለት ሰዓት ሆነኝ። ይውጣልኝ። ደብተሩን ማንም አያነበውም።

1981። የክልሉ የሥዕል ውድድር። ያሸነፈ አፓርታማና እዚህ ትምህርት ቤት የመምህርነት ቦታ ያገኛል። እኛ ከእናቴ ጋር በአንድ ክፍል ነበርን፤ መሐላችን መጋረጃ። ቤቶቹንና ተራራውን ሠራሁ። ሰው ላይ ስደርስ እጄ ተሳሰረ። ሦስት ሳምንት አንዲት ሴት ሠርቼ ማጥፋት ብቻ። ከዚያ ተውኩትና ወንድሜ ጋ ወደ መከሩ ሄድኩ። አሥር ቀን፤ ቀን ወይን ለቀማ፣ ማታ ራኪያ፣ የፍሬ አረቄ።

ስመለስ ሴቶቹ ተሠርተዋል። ዳና አፍንጫዋ ላይ ከሰል ይዛ ቆማለች። «ካልወደድከው አጥፋው፤ አንተ ማጥፋት ትችላለህ» አለችኝ። የማጥፊያ ጨርቁን አነሳሁ። ሥዕሉን አየሁት። ጨርቁን አስቀመጥኩ።

ከዚያ ፈረምኩ። ከጀርባዬ ቆማ እያየችኝ። ስሟን ልጻፍ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ አይደሉም እንዴ? አፓርታማው የሷም አይደለም? የውድድሩ ደንብ ደግሞ አንድ ስም ነው የሚለው። ቤቶቹስ የኔ አይደሉም?

ከዚያ በኋላ ከድብና ከእንጉዳይ በቀር ምንም አልሠራችም። «ጊዜ የለኝም» ትል ነበር። እኔም አልሠራሁም። እኔም ጊዜ የለኝም እል ነበር።

ኔቬና አምስት ዓመቷ ላይ በግራ እጇ እርሳስ ስትይዝ መታኋት። ደጋግሜ መታኋት፣ እስክትተው። ዳና ወጥ ቤት ቆማ ትሰማ ነበር። ለልጅቷ ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ዓለም ለግራኝ አይመችም።

ይኸው ጻፍኩት። ቀለለኝ? ምንም አልቀለለኝም። ይህ ሁሉ የዚያች የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ጦስ ነው።

ሜይ 23

ነጭ ሸሚዝ ተተኮሰ። ግራ እጄ ዝግጁ ነው። መስመሬ እንደ ክር ነው። ነገ ያልፋል፤ ከዚያ ሥዕሉ ጋለሪ፣ እኔ ጡረታ፣ እሷም ሁለቷን ይዛ።

ሜይ 24

አዳራሹ ሞልቷል። አበባ፣ ንግግር፣ የልጆች መዝሙር። ኔቬና ፊት ለፊት ተቀምጣለች። «በርበሬ ሰኪዎች» መድረኩ ላይ በስፖት መብራት። የከሰሉን ሳጥን ይዛ ከጎኔ እንድትቆም የታዘዘችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ስቲልያና። የወይዘሮ ቢሴራ ሐሳብ ነው፤ «እርቅ ይሆናል» ብላ።

ከሰሉን በግራ እጄ አነሳሁ። ዝም አሉ። ከወረቀቱ ግራ ጫፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ሴት ትከሻ፤ ቀጥ ያለ። ክሩ። አንድ በርበሬ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጄ አልተንቀጠቀጠም! ጥላውን ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ። ወደ ቀኝ እየሄድኩ ሁለተኛዋን ሴት፣ ሦስተኛዋን። ጨረስኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብሎ «ብራቮ!» አለ።

ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁት።

የመጀመሪያዋ ሴት የለችም። በእጄ ጠርጌአታለሁ። ወደ ቀኝ በሄድኩ ቁጥር መዳፌ የሠራሁትን እየረገጠ ሄዷል፤ በርበሬው ጭቃ ሆኗል። እጅጌዬ እስከ ክንዴ ድረስ ጥቁር ነው። የማርቹ ክር ሳይቀር ጠቁሯል።

«ምን ዓይነት ጭጋግ ነው!» አለች ወይዘሮ ቢሴራ ለእንግዶቹ። «ድባቡን እዩልኝ!» አሁንም አጨበጨቡ።

ስቲልያና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እጅጌዎን ይጠቅልሉት። ፎቶ አንሺው እየመጣ ነው።»

«ምን አገባሽ?»

«ግራኝ ሰው ከቀኝ ነው የሚጀምረው፣ እጁ እንዳይጠርገው። ነገ ይህን ፎቶ ያየ ሠዓሊ ሁሉ ያውቃል።»

«አንቺ እኮ ይህንኑ ነበር የምትፈልጊው!»

«እኔ ስለ ሥዕሉ ነው የጻፍኩት፤ ስለ እርስዎ አይደለም። ሰው በሥዕሉ እንዲስቅ አልፈልግም። ይጠቅልሉት፣ ቶሎ!» እጇ ወደ እጅጌዬ ተዘረጋ።

እኔ ግን ያኔ የማየው ሌላ እጅጌ ነው። ዳና በመዋዕለ ሕፃናቱ ነጭ ካፖርት ቀኑን ሙሉ በከሰል ስትሠራ ውላ ስትመጣ አንድ ነጥብ አይኖርባትም ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ስቄባታለሁ እንጂ። ሠላሳ አንድ ዓመት ደግሞ ለልጆች ‹ያለውን ተመልከቱ› እያልኩ ሳስተምር።

የልጅቷን እጅ ገፋሁት። ፎቶ አንሺውን ጠራሁት። «ና። እጄን አንሳ። እጅጌዬ በደንብ እንዲታይ አድርገህ።» ግራ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከፍ አደረግኩ። ፎቶ አነሳኝ።

ኔቬና ከመቀመጫዋ ተነስታ ነበር። አላጨበጨበችም። አፏን በመዳፏ ይዛ ቆማለች።

ሜይ 25

ጋዜጣው ወጣ። ጥቁር እጅጌዬ ገጹን ሞልቶታል። ከሥሩ ምን ብለው ጻፉ? «ዕድሜ ልክ በሥራ የጠቆረ የሊቅ እጅ።»

ደደቦች! ማንም አላየም! አንድ ከተማ ሙሉ ሰው አፍጥጦ እያየኝ አንድ ሰው አላየም!

ኔቬና ጠዋት በአውቶቡስ ልትመለስ ስትል ነገርኳት። ሁሉንም።

«አውቃለሁ አባዬ» አለች። «ስድስት ዓመቴ ላይ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስክትናገር እንድጠብቅ ለመነችኝ። ‹ይነግርሻል፣ ራሱ ይነግርሻል› አለችኝ። ስትሞትም ያንኑ አለችኝ።» ሻንጣዋን አነሳች። «በጣም ቆየህ።» ሳትስመኝ ሄደች።

ሜይ 26

ለወይዘሮ ቢሴራ ነገርኳት። ፊቷ ወረቀት መሰለ።

«አበዱ እንዴ? የጋለሪው ሰዎች ሐሙስ ይመጣሉ! እንግዶቹን ምን ልበል? ስለ ክንዱ ያነባሁት እኔ ነኝ!»

«ዋሽቶኛል ይበሉ።»

«ደክሞዎታል። ቤትዎ ሄደው ይረፉ።»

«እረፍት አልፈልግም፤ ብሎን መፍቻ ነው የምፈልገው።» ሰላምታ ሳንለዋወጥ ወጣሁ። ከአሁን በኋላ የምታነጋግረኝ አይመስለኝም፤ ይህም አንድ ትርፍ ነው።

ብሎን መፍቻውን ፔንቾ ሰጠኝ። ለምን ብሎ አልጠየቀም። የጎማ ተክሉን ግን ራሱ ተሸክሞ ወደ ፀሐይ መለሰው።

ሜይ 27

ሥዕሉ ወደ ኮሪደሩ ተመልሷል። ተማሪዎቹ ክፍል ሲገቡ ብቻዬን ከፊቱ ቆምኩ። ቤቶቹን በመዳፌ ሸፈንኳቸው።

አይጎድልም። የተረገመች ልጅ፣ ምንም አይጎድልም። እንዲያውም ሴቶቹ ወደ ፊት ወጡ።

የናሱን ሰሌዳ ፈታሁ፤ ከሥሩ ግድግዳው ነጭ ነው። ከዚያ መዝገቡን አውጥቼ ሁለቱን ሠርዤ ስድስት ጻፍኩ። ለማንም ሰጥቼው የማላውቀው ነጥብ ነው።

ስቲልያናን ጠርቼ አሳየኋት።

«አራት ይበቃኝ ነበር» አለች።

«አመሰግናለሁ አይባልም?»

«ለምኑ? በማርች ነበር የሚገባኝ። ሁለት ወር ተኩል እናቴ እንቅልፍ አልተኛችም።»

ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ለውሸት ሲሆን ራሱን የሚከፍተው አፍ ተቆለፈ። ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፣ ሄደች። ነገ እላታለሁ። ነገ ካላልኳት ይህ ደብተር ይመስክርብኝ።

ሜይ 28

አልኳት። ኮሪደሩ ላይ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ሜይ 29

ከድልድዩ ማዶ ያለው ማኅተም ቀራጭ ጋ ሄድኩ። ጆሮው ይከብደዋል፤ እንድጮህ አደረገኝ።

«ምን ይጻፍ?»

«በርበሬ ሰኪዎች። 1981።»

«የሠዓሊውስ ስም?»

«ዮርዳና!» አልኩ፣ የዳናን ሙሉ ስም።

«የባሏ ስም ማነው?»

«የባሏን አትጻፍ! የአባቷን ጻፍ፤ ቬልቼቫ!»

ቀስ ብሎ በእርሳስ ጻፈው። አንድ በአንድ ፊደሉን አሳየኝ። ትክክል ነው። ከዚያ ከስሙ ሥር በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«እዚህ ሥር ባዶ ቦታ ይተርፋል። ሌላ ስም አለ?»

ቤቶቹን አሰብኩ። ተራራውን፣ በማስመሪያ የለካኋቸውን መስኮቶች፣ ያንን አንድ ወር።

«የለም» አልኩት።

አልሰማኝም። ደግሜ መጮህ ነበረብኝ።